ሙግት፦ በኢንተርኔት ቋንቋ የሚማማሩትን መምህር ይምራቸው?

አይምራቸው

ጀርመንኛ የሚማር የአዲስ አበባ ወጣትና አማርኛ የሚማር ጀርመናዊ በቪዲዮ ተገናኝተው ግማሹን ሰዓት በአንዱ፣ ግማሹን በሌላው ቋንቋ ቢያወሩ ሁለቱም ተማሪ፣ ሁለቱም አስተማሪ ናቸው። ዘዴው «ታንደም» ይባላል። በጀርመን የቦኹም ዩኒቨርሲቲው ሄልሙት ብራመርትስና ባልደረቦቻቸው እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ በኢሜይል ሲያስፋፉት በሁለት መርሆች ላይ አቆሙት፦ ሁለቱም እኩል ይጠቀሙ፤ እያንዳንዱም ለገዛ ትምህርቱ ኃላፊ ይሁን።

ሁለተኛው መርህ ከተነካ ታንደም ቀረ ባይ ነኝ። ወጣቱ ለነርስነት የሚሆን ጀርመንኛ ይፈልግ ይሆናል፤ ጀርመናዊው ደግሞ ከአማቶቹ ጋር ቡና እየጠጣ መጨዋወት። ይህን ከእነሱ በላይ የሚያውቅ የለም። ስህተቱ ወዲያው ይታረም ወይስ ተናግሮ ሲጨርስ የሚለውንም መወሰን ያለበት ተናጋሪው ነው፤ በየቃሉ የሚያቋርጡት ሰው አፉ ይተሳሰራል። መምህር ርዕስ ሰጥቶ ሪፖርት ሲጠብቅማ ጨዋታው ለማርክ ይሆናል። እንግሊዝኛን ለዓመታት ተምሮ መናገር የሚፈራው ተማሪያችን የጎደለው ሰዋስው አይደለም፤ በገዛ ፈቃዱ የሚናገርበት ቦታ ነው።

ይምራቸው

ባልደረባዬ ስለ ፍርሃቱ ያሉት እውነት ነው፤ እኔም በክፍሌ አየዋለሁ። ነገር ግን ራስን ችሎ መማርን መምህር ከሌለበት ትምህርት ጋር አንድ አድርገውታል። ሐሳቡን እ.ኤ.አ. በ1979 ለአውሮፓ ምክር ቤት ባዘጋጁት ጽሑፍ ያስተዋወቁት አንሪ ኦሌክ፣ ችሎታው አብሮን አይወለድም፣ እናዳብረዋለን እንጂ ብለዋል። ዴንማርካዊቷ መምህርት ሌኒ ዳምም ተማሪዎቻቸው ሥራቸውን ራሳቸው እንዲመርጡ፣ በደብተር እንዲመዘግቡና እንዲገመግሙ ሲያደርጉ ከክፍሉ አልወጡም።

ብቻቸውን የተተዉ ጥንዶች የቤተሰብ ወሬው ሲያልቅባቸው ሁለቱም ወደሚቀላቸው ቋንቋ ይሸሻሉ፤ ብዙ ጊዜ ወደ እንግሊዝኛ። ጀርመናዊው «በላሁ» የሚባለው መቼ ነው፣ «በልቻለሁ»ስ ብሎ ቢጠይቅ፣ በአማርኛ አፉን የፈታው ወጣት ስህተቱ ጆሮውን ይቆረቁረዋል እንጂ ምክንያቱን ማስረዳት ይቸግረዋል። «እንዲህ ነው የምንለው» ብሎ ያልፈዋል። ከሁሉም የሚያሳስበኝ ግን ከልጅነቱ ጀምሮ ሰሌዳ እየገለበጠ ያደገው ተማሪ ነው። ግብ አውጥቶ የማያውቅን ልጅ «ነፃ ነህ» ብሎ መተው ጭካኔ ነው፤ ነፃነቱ የሚጠቅመው መማርን አስቀድሞ የለመደውን ብቻ ይሆናልና።

ንግግራቸውን አልሰማም፤ ማርክም አልሰጥበትም። በየሳምንቱ ምን ልትማሩ አሰባችሁ፣ ምን ያዛችሁ፣ የት ተቸገራችሁ ብዬ እጠይቃለሁ። ሳምንቱን ሙሉ በእንግሊዝኛ ሲያወሩ የሰነበቱትን ግን ጠርቼ ወደ ውላቸው እመልሳቸዋለሁ።