የተደባለቀ እሸት ቡና፦ ገዢው ይረም ወይስ ይመልስ?

በዲላና በይርጋጨፌ መስመር የቡና ለቀማ በደረሰ ቁጥር አንድ ክርክር አብሮ ይነሳል። ገበሬው ቀዩን እሸት ከአረንጓዴው ደባልቆ ሲያመጣ ማጠቢያ ጣቢያው ተቀብሎ ያበጥር ወይስ ከሚዛኑ ላይ ይመልስ?

የተለመደው ማረም ነው። ተንሳፋፊው በውኃ ይለያል፤ ከመፈልፈያው ያመለጠው አልጋ ላይ በሴቶች እጅ ይለቀማል፤ የቀረው አዲስ አበባ በላኪው መጋዘን እንደገና ይበጠራል። ለአንድ ጥፋት ሦስት ጊዜ ደመወዝ ይከፈላል ማለት ነው። ሁሉም በአንድ ዋጋ ከተመዘነ ደግሞ ፍሬው እስኪቀላ ጠብቆ ወደ ማሳው የተመላለሰው የገደብ ገበሬ የጎረቤቱን የማበጠሪያ ወጪ ይጋራል።

መመለስስ? እሸት ቡና አያድርም። አንዱ ጣቢያ ቢመልሰው ማዶ ያለው ተፎካካሪ በዚያው ምሽት ይገዛዋል።

የኢንተርኔቱ ዓለም ይህንኑ ክርክር ቀድሞ አይቶታል። ብሮውዘር የሚባሉት የድረ ገጽ ማሳያ ፕሮግራሞች የባለሙያውን የኮድ ስህተት ገምተው ያርማሉ። በ1990ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ኔትስኬፕና ኢንተርኔት ኤክስፕሎረር በየራሳቸው ግምት ሲያርሙ፣ በአንዱ ደህና የሚታየው ገጽ በሌላው ይበላሽ ነበር። በ2000 ኤክስኤችቲኤምኤል የተባለው ጥብቅ ሥርዓት መጣ፤ ሙሉ በሙሉ ከተተገበረ አንዲት ስህተት ገጹን ታስቀራለች። ደንበኛውን ለተፎካካሪ ለመስጠት የሚደፍር ግን አልበዛም። በ2014 የጸደቀው ኤችቲኤምኤል 5 ስህተቱ እንዲታረም ፈቀደ፤ አስተራረሙን ግን ለሁሉም አንድ አድርጎ በጽሑፍ ደነገገ።

ለጌዴኦም የሚበጀው ይኸው ነው። ጣቢያው ይቀበል፤ ነገር ግን በዞኑ ሁሉ አንድ በሆነ ደንብ ከየጆንያው ናሙና ተቆጥሮ ለአረንጓዴው ይቀነስ፣ ለንጹሕ ቀይ ይጨመር። እ.ኤ.አ. በ2008 የተቋቋመው የምርት ገበያ ዲላ ላይ ደረጃ የሚያወጣው የብዙ ገበሬ ቡና ከተቀላቀለ በኋላ ስለሆነ፣ ውጤቱ የሚደርሰው ለአቅራቢው እንጂ ለለቃሚው አይደለም።

ለልጅ ደብተር ሲል ያልበሰለውንም የሸመጠጠ ገበሬ በዚህ ደንብ ባዶ እጁን አይመለስም። አስቸጋሪው ሌላ ነው። ሚዛኑ ራሱ በሚታማበት ገበያ ቅናሹ አዲስ የመስረቂያ ቀዳዳ ሊሆን ይችላል። ስለዚህ ናሙናው ገበሬው ቆሞ እያየ ይቆጠር፤ የተቀነሰውም ኪሎ በደረሰኙ ላይ ይጻፍለት።