ጦረኛው ለምን አኮረፈ?



በቅርቡ የቤተ ክርስቲያናችንን ወጣቶች ይዘን ከደሴ ወደ አርዲቦ ሐይቅ ሄደን ነበር። ጠዋት ጸለይን፣ ዘመርን፣ ቃሉን ተካፈልን። ከምሳ በኋላ ግማሹ ወደ ውኃው ዳር ወረደ፤ ግማሹ ጥላ ፈልጎ አረፈ። ከአንድ ዛፍ ሥር አምስት ወጣቶች ወረቀትና እርሳስ ዘርግተው፣ ብዙ ገጽ ያለው ዳይስ እየወረወሩ ሲጫወቱ አየን። አንዲት እናት ቀረብ ብለው፣ «ፓስተር፣ እነዚህ ልጆች እኮ አስማት እየተጫወቱ ነው። ዝም ይላሉ እንዴ?» አሉን። መልስ ሳንሰጣቸው ከተጫዋቾቹ አንዱ ወረቀቱን ገፍቶ ተነሣ። አኩርፏል።

ጠርተን ጠየቅነው። «እኔ ጦረኛ ነኝ፤ እሱ አስማተኛ ነው» አለን። «እኔ በሰይፍ አንዱን ጠላት ስታገል፣ እሱ አንድ ቃል ተናግሮ አሥሩን ይጨርሳል። ታዲያ የእኔ መኖር ምን ይጠቅማል?»

በአንድ ሰዓት ውስጥ ሁለት ክስ ቀረበልን። እናታችን የከሰሱት አስማት አለ ብለው ነው፤ ልጁ የከሰሰው አስማተኛው በዛብኝ ብሎ ነው። ሁለቱም ሊመለስላቸው ይገባል።

ጨዋታው ደንጀንስ ኤንድ ድራገንስ ይባላል። እ.ኤ.አ. በ1974 ጋሪ ጋይጋክስና ዴቭ አርነሰን በአሜሪካ አሳተሙት። አንዱ ታሪኩን ይመራል፤ ሌሎቹ ደግሞ ጦረኛ፣ አስማተኛ፣ ፈዋሽ እየሆኑ አብረው በተረቱ ዓለም ይጓዛሉ። የልጁ ኩርፊያም አዲስ አይደለም፤ ጨዋታው ባለበት ሁሉ ለዓመታት ሲያከራክር የኖረ ነገር ነው። በመጀመሪያው ደንብ አስማተኛው ሲጀምር ደካማ ነበር። በቀን አንድ ድግምት ብቻ ይዞ፣ ከጦረኛው ጀርባ ተደብቆ ይሄዳል። አምስተኛው ደረጃ ላይ ሲደርስ ግን የእሳት ኳስ ይወረውራል፤ እያደገ ሲሄድ ይበራል፣ ይሰወራል፣ በመጨረሻም ጊዜን ያቆማል። ጦረኛው በአንጻሩ የሚጨምረው አንድ ነገር ነው፤ ከትናንት ይልቅ ጠንክሮ መምታት። ትናንት ደረቱን ሰጥቶ ያሳደገው ጓደኛው ዛሬ አያስፈልገውም።

አሳታሚዎቹ ይህን ለማረም ሞክረዋል። እ.ኤ.አ. በ2008 በወጣው አራተኛው እትም ለጦረኛውም ለአስማተኛውም አንድ ዓይነት አሠራር ያለው ችሎታ ሰጡ። ሚዛኑ ተስተካከለ፤ ብዙ ተጫዋቾች ግን «ሁሉም አንድ መሰለብን» ብለው ቅር ተሰኙ። በ2014 የወጣው አምስተኛው እትም እንደገና ልዩነቱን መለሰ፤ ክርክሩም አብሮ ተመለሰ። ልምድ ያላቸው የጨዋታ መሪዎች ሌላ መላ አላቸው። ከዕረፍት በፊት አንድ ጦርነት ሳይሆን ሦስት አራት ያመጣሉ። ያኔ የአስማተኛው ድግምት ያልቃል፤ የጦረኛው ክንድ ግን አሁንም አለ።

በመጀመሪያ ለእናታችን። የአምላክ ቃል ጥንቆላንና አስማትን አጥብቆ ይከለክላል (ዘዳ. 18፥10-12)። በአገራችን ይህ ተረት አይደለም። ለቃልቻ ሲገብሩ ኖረው፣ ክታብ ከአንገታቸው ፈትተው ወደ ጌታ የመጡ ወንድሞችና እህቶች በመካከላችን አሉ። በእነርሱ ፊት ይህን ጨዋታ መዘርጋት ፍቅር የጎደለው ነው፤ ጳውሎስ ስለ ደካማው ወንድም ኅሊና የጻፈው ለዚህም ይሠራል (1ኛ ቆሮ. 8)። ነገር ግን ወረቀት ላይ «አስማተኛ ነኝ» ብሎ መተረክ መናፍስትን መጥራት ነው ብለን ልጆቹን አንከስም። እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ በአሜሪካ ብዙ ክርስቲያኖች ጨዋታውን የሰይጣን አምልኮ አድርገው አስፈራሩ፤ የወጣቶቻቸውን ጆሮ ያጡትም ከዚህ የተነሣ ነው ብለን እናምናለን። ያልሠሩትን ሠራችሁ ያልነው ልጅ፣ እውነቱን ስንነግረው አይሰማንም።

አሁን ወደ ልጁ። የጨዋታውን ደንብ ካስረዳን በኋላ ዝቅ ባለ ድምፅ አንድ ነገር ጨመረ፦ «ፓስተር፣ በቤተ ክርስቲያንም እኮ እንደዚሁ ነው።»

ይህ ልጅ እሑድ እሑድ ከሁሉ ቀድሞ መጥቶ ወንበር የሚደረድር ነው። የድምፅ ማጉያውን ገመድ ይዘረጋል፤ ሁሉም ከሄደ በኋላ ይጠቀልላል። ስድስት ዓመት ሙሉ አይተነዋል። አንድም ቀን አስቀምጠን «ልጄ፣ እንዴት ነህ?» አላልነውም። በሌላ በኩል «ነቢይ» የተባለ እንግዳ ሲመጣ ፎቶውን በትልቁ አሳትመን በር ላይ እንሰቅላለን። እንግዳው አንድ ቃል ይናገራል፤ አዳራሹ ይነቃነቃል፤ እሱ ሰኞ ይሄዳል። ማክሰኞ የታመመውን የሚጠይቅ፣ ረቡዕ ያዘነውን የሚያጽናና፣ ቅዳሜ ሕፃናትን የሚያስተምር ግን ያው ስሙ የማይነሣው ነው። ምዕመናኑም ቃል ፍለጋ ከአዳራሽ ወደ አዳራሽ ሲሮጡ እናያለን፤ እንዲሮጡ ያስተማርናቸው ደግሞ እኛው ነን።

በገንዘብም እንናገረው። በአንድ ዓመት ለእንግዳ አገልጋይ የሆቴልና የትራንስፖርት ወጪ ያለማመንታት ከፈልን። በዚያው ዓመት የጥበቃ ሠራተኛችን ሲታመሙ «በጀት የለም» ብለን መዋጮ ለመንን። ይህን ስንጽፍ እናፍራለን።

ቅዱሳት መጻሕፍት ይህን ሚዛን ያውቁታል። ዳዊት 600 ሰዎች ይዞ ምርኮኞቹን ሊያስመልስ ወጣ፤ 200ዎቹ ደክመው በቦሦር ወንዝ ከጓዙ ጋር ቀሩ። ድሉ ከተገኘ በኋላ አንዳንዶች «አብረውን ስላልዘመቱ አይካፈሉም» ሲሉ ዳዊት እምቢ አለ። የዘመተውና ጓዝ የጠበቀው እኩል እንዲካፈሉ ሥርዓት አደረገ (1ኛ ሳሙ. 30)። እኛ ኢትዮጵያውያን ይህን ለመረዳት ሩቅ መሄድ የለብንም። በ1888 ዓ.ም. ዓድዋ ላይ የወሎው ራስ ሚካኤል ፈረሰኞች ስም ይነሣል፤ ከሠራዊቱ ጋር ስንቅ ተሸክመው፣ እንጀራ ጋግረው፣ ውኃ ቀድተው የዘለቁትን ሴቶች ግን ማን ይፎክርላቸዋል?

በራፊዲም ደግሞ ኢያሱ በሸለቆው በሰይፍ ይዋጋል፤ ሙሴ በኮረብታው ራስ ላይ በትሩን ይዞ እጁን ያነሣል (ዘፀ. 17)። የሙሴ እጅ ሲወርድ ኢያሱ ይሸነፋል። ነገር ግን የሙሴ እጅም ይደክማል! አሮንና ሆር ድንጋይ አምጥተው አስቀመጡት፣ ግራና ቀኝ ሆነው እጁን ደገፉት። ድንጋይ ያመጣው፣ እጅ የደገፈው፣ ሰይፍ የመዘዘው፣ በትር የያዘው ሁሉ አንድ ጦርነት ላይ ነበሩ። በመጨረሻ መሠዊያው የተሰየመው በአንዳቸውም ስም አይደለም፤ በእግዚአብሔር ስም ነው።

ጸጋ ከአስማት የሚለየውም እዚህ ላይ ነው። አስማት የባለቤቱ ኃይል ነው፤ ባለቤቱን ያገንናል። ሲሞን ጠንቋዩ ያልገባው ይህ ነበር፤ መንፈስ ቅዱስን በብር ሊገዛ የፈለገው እንደ ራሱ ኃይል ሊይዘው ስለ ነበር ነው (ሐዋ. 8)። ጸጋ ግን ለሌላው ጥቅም የሚሰጥ ነው (1ኛ ቆሮ. 12፥7)። አንድ አገልጋይ በጸጋው ሌሎቹን «አያስፈልጉም» ካሰኛቸው፣ የያዘው ጸጋ እንኳ ቢሆን የሚጠቀምበት እንደ አስማት ነው።

ታዲያ ምን እናድርግ? መፍትሔው ሁሉን አንድ ማድረግ አይደለም። ጨዋታው ሞክሮት አልሆነለትም፤ ጳውሎስም አካል ሁሉ ዓይን ቢሆን መስማት ወዴት በተገኘ ብሎ ይጠይቃል። ትንቢትን መናቅም አይደለም፤ ያን የሚከለክል ቃል አለ (1ኛ ተሰ. 5፥20)። የሚያስፈልገው ሥርዓት ነው። የተነገረው ትንቢት በሌሎች ይመርመር (1ኛ ቆሮ. 14፥29)። የቤተ ክርስቲያን በጀት ሲወጣ ጓዝ ጠባቂው እንደ ዘማቹ ይታሰብ። በጉባኤ ማብቂያ ምስጋና ሲቀርብ ወንበር የደረደረው በስሙ ይጠራ። የአምልኮ ሕይወታችንም በአንድ ትልቅ ምሽት አይለካ። ክርስትና ከዕረፍት በፊት ብዙ ጦርነት ያለበት ጉዞ ነው፤ የአንድ ምሽት እሳት ብቻ ይዞ የወጣ ሰው መንገድ ላይ ይቀራል።

የተቀመጥንበት አርዲቦ ራሱ ያስተምራል። የሐይቅ እስጢፋኖስ ገዳም ካለበት ከሎጎ ሐይቅ ይልቅ ከፍ ብሎ ነው የሚገኘው። ሲሞላ ትርፉን ወደ ታችኛው ሐይቅ ያወርዳል። ከፍታው የተሰጠው ለራሱ ብቻ አይደለም።

ያን ቀን ልጁን «ተመለስና ተጫወት» አላልነውም። «ይቅር በለን» አልነው። እሑድ ማልደን ሄደን አብረነው ወንበር ደረደርን። «ፓስተር፣ ይተዉት፣ እኔ እጨርሰዋለሁ» ይለን ነበር፤ እኛ ግን አልተውነውም። ሁለት ረድፍ እንደደረደርን ወገባችንን ያዘን። ስድስት ዓመት ምን ያህል እንደሆነ ያወቅነው ያኔ ነው።

ጌታ ሆይ፣ በሰው ፊት የሚታየውን ብቻ ለሚያከብረው ዓይናችን ምሕረት አድርግ። ከፍ ያደረግኸው ወደ ታች እንዲፈስስ፣ በስውር የሚደክመውም አንተ እንደምታየው እንዲያውቅ እርዳን። በኢየሱስ ስም፣ አሜን።