ስምን መልአክ ያወጣዋል፤ ጠበቃስ?

«ስምን መልአክ ያወጣዋል» ሲባል ሰምተን አድገናል። የዞርክን ስም ግን የጠበቃ ደብዳቤ አወጣው ሊሉን የሚፈልጉ አሉ። እኛ አንስማማም።

ለማታውቁት፦ ዞርክ ሥዕል የሌለው፣ በጽሑፍ ብቻ የሚጫወቱት የኮምፒውተር ጌም ነው። «ወደ ሰሜን ሂድ»፣ «ፋኖሱን አንሳ» ብላችሁ በእንግሊዝኛ ትጽፋላችሁ፤ ማሽኑም የገጠማችሁን በጽሑፍ ይነግራችኋል። እ.ኤ.አ. በ1977 መሥራት የጀመሩት በአሜሪካው ኤም አይ ቲ የነበሩ አራት ወጣቶች ናቸው፦ ቲም አንደርሰን፣ ማርክ ብላንክ፣ ብሩስ ዳንኤልስ እና ዴቭ ሌብሊንግ። «ዞርክ» ትርጉም የለውም። እዚያ ሰፈር ገና ላላለቀ ፕሮግራም የሚሰጥ የቀልድ ስም ነበር።

ጌሙ ሲያድግ ግን ስሙ ሳያንስባቸው አልቀረም፤ «ደንጀን» አሉት። የምድር ቤት እስር ቤት እንደ ማለት ነው። ይኼኔ «ደንጀንስ ኤንድ ድራገንስ» የተባለውን ጨዋታ የሚያሳትመው ቲ ኤስ አር ተነሣና «ስሙ የእኔ ነው» አለ። የኤም አይ ቲ ጠበቆች ጥያቄው አያስኬድም ቢሉም ልጆቹ ወደ «ዞርክ» ተመለሱ።

«ታዲያ ኩባንያው ባለውለታቸው አይደለም? ባይቆጣ ኖሮ ያን የመሰለ ስም ይቀርባቸው ነበር» ይሉናል። ጎበዝ! ሌባ ቤታችሁን ሲበረብር የጠፋ ቁልፋችሁን ቢያወጣላችሁ ሌባውን ታመሰግናላችሁ?

«የንግድ ምልክት መከበር አለበት» ለምትሉም፦ ልክ ናችሁ፤ ገዢ እንዳይታለል ይከበር። ነገር ግን ያኔ ጌሙ አይሸጥም ነበር። ለሽያጭ የወጣው ገና እ.ኤ.አ. በ1980 ነው። ገዢ በሌለበት የተታለለ ገዢ መፈለግ ላም ባልዋለበት ኩበት ለቀማ ነው። ቃሉም ቢሆን ቲ ኤስ አር እ.ኤ.አ. በ1973 ከመመሥረቱ በፊት ለብዙ መቶ ዓመታት የእንግሊዝኛ ተናጋሪው ሁሉ ነበር።

ልማዱ ደግሞ አልቀረም። እ.ኤ.አ. በ2013 የ«ካንዲ ክራሽ» ባለቤት ኪንግ «ካንዲ» የሚለውን ቃል በአሜሪካ የንግድ ምልክቱ ሊያደርግ አመልክቶ ነበር። ከረሜላን! ጌም ሠሪዎች ከጮኹበት በኋላ በ2014 ማመልከቻውን ተወው። በ1970ዎቹ እንዲህ የሚጮኽ ብዙ ሰው አልነበረም።

ስለዚህ ታሪኩን ስንተርክ እናስተካክለው። ዞርክ ማለፊያ ስም ነው፤ ያወጡት ግን ልጆቹ ናቸው፣ ያውም ደብዳቤው ከመድረሱ በፊት። ስሙ ስላማረ ማስፈራሪያው ትክክል አይሆንም። ነገ የራሳችሁን ጌም ስትሠሩ ከመዝገበ ቃላት ላይ ቃል አንሥታችሁ ተመሳሳይ ደብዳቤ ቢደርሳችሁ፣ «ምናልባት ለበጎ ነው» የሚላችሁን ወዳጅ አትስሙት።