አክተሩ ሲሳሳት

በቪዲዮ ቤት ያደገ ሰው ሁሉ የሚያውቀው ሕግ አለ፤ አክተሩ አይሞትም። ከዚህ ጋር ማንም ሳይናገረው የተስማማንበት ሌላ ሕግም ነበረን፤ አክተሩ አይሳሳትም። ሕንፃ ቢያፈርስ፣ የቆመ መኪና አንስቶ ቢወረውር፣ የሰው ቤት ሰብሮ ቢገባ፣ ከተመልካቹ መካከል «ካሳውን ማን ይከፍላል?» የሚል አይገኝም። ጠላት ከተመታ ሒሳቡ ተዘጋ ማለት ነው።

እኔ ከሱፐርሂሮ ታሪኮች አብልጬ የምወዳቸው ይህ ሁለተኛው ሕግ የፈረሰባቸውን ነው። ጀግኖቹ የሚያጠፉት ክፉ ሆነው አይደለም። ሊያድኑ ነው የመጡት፤ ልባቸውም ንጹሕ ነው፤ ጉልበትም ሞልቷቸዋል። ግን «እኩላለሁ ብላ ዓይኗን አጠፋች» የሚባለው ይደርስባቸዋል።

በእኔ ሚዛን ከሁሉም የሚበልጠው እ.ኤ.አ. በ1973 የወጣው የስፓይደርማን ታሪክ ነው። ጄሪ ኮንዌይ ጻፈው፣ ጊል ኬን ሣለው። ግሪን ጎብሊን የተባለው ጠላት የስፓይደርማንን ፍቅረኛ፣ ግዌን ስቴሲን፣ ከድልድይ ጫፍ ላይ ይጥላታል። ስፓይደርማን ድሩን ይለቃል። ድሩ አልሳተም፣ አልተበጠሰም፤ እግሯ ላይ ተጠምጥሞ ከአየር ላይ ያስቀራታል። ልጁ ወደ ላይ እየጎተታት በራሱ ችሎታ ይመካል፤ ያወራታል። አጠገቡ ስትደርስ ሞታለች። ገጹን መልሶ ያየ አንባቢ፣ ድሩ በያዛት ቅጽበት አንገቷ ዘንድ የተጻፈች አንዲት የስብራት ድምፅ ያገኛል። አንባቢዎች በደብዳቤ ሲወጥሩት አሳታሚው ማርቭል በኋለኛ እትሙ መልስ ሰጠ፤ የገደላት በድንገት መቆሟ ነው።

በሚኒሶታ ዩኒቨርሲቲ የሚያስተምር ጄምስ ካካሊዮስ የሚባል የፊዚክስ ሊቅ ይህንኑ አሟሟት አስልቶ ተማሪዎቹን አስተምሮበታል። ነገሩ ቀላል ነው። ከ90 ሜትር ከፍታ የወደቀ ሰው ታች ሲደርስ ፍጥነቱ በሰዓት ወደ 150 ኪሎ ሜትር ይጠጋል። ያን ፍጥነት በግማሽ ሰከንድ ውስጥ ዜሮ ማድረግ፣ ሰውነት ላይ ከራሱ ክብደት ስምንት እጥፍ የሚበልጥ ኃይል ማሳረፍ ነው። የመኪና ኤርባግ የሚያድነን የመቆሚያውን ጊዜ ስለሚያረዝመው ነው። ስፓይደርማን ያደረገው የዚህን ተቃራኒ ነበር። መያዝ እንዳለበት እንጂ እንዴት መያዝ እንዳለበት አላሰበም፤ ለማሰብም ጊዜ አልነበረውም። የሚያመኝም ይኸው ነው። ባይይዛትም ትሞት ነበር፤ ሲይዛትም ሞተች። ከዚያ በኋላ ስንት ጠላት ቢያሸንፍ ያቺን ሰከንድ አያስመልሳትም።

ደራሲዎቹ ይህን ስህተት አልረሱትም። እ.ኤ.አ. በ2021 በወጣው ፊልም ላይ፣ በሌላ ዓለም ግዌንን ያጣው ስፓይደርማን (አንድሩ ጋርፊልድ የሚጫወተው) ሌላ ልጅ ስትወድቅ ያያል። ተወርውሮ ሄዶ በገዛ እቅፉ ይቀበላትና ያለቅሳል። በሲኒማ አዳራሽ ውስጥ ብዙ ወጣት አብሮት እንዳለቀሰ እገምታለሁ።

የሌላው የማርቭል ጀግና፣ የቶኒ ስታርክ፣ ጥፋት ግን ከዚህ ይለያል፤ እሱ ጊዜ ነበረው። ዓለምን ከጠፈር ከሚመጣ ጥቃት የሚጠብቅ ሰው ሠራሽ አእምሮ ልሥራ ብሎ አልትሮንን ፈጠረ። ያማከረው የሳይንስ ሰው የሆነውን ባልደረባውን ብሩስ ባነርን ብቻ ነው፤ ለቀሩት ጓደኞቹ እንኳ አልነገራቸውም። ከዚያ ሶኮቪያ በምትባል አገር አንድ ከተማ ከነመሠረቱ ተነቅሎ ሰማይ ላይ ተንጠለጠለ። በቀጣዩ ፊልም አንዲት እናት ስታርክን አሳንሰር አጠገብ ጠብቃ የሞተ ልጇን ፎቶ ደረቱ ላይ ትለጥፍለታለች። የዚያን ሁሉ ፍንዳታ ያህል ዋጋ ያላት ትዕይንት ይህች ናት፤ ወጪዋ አንዲት ተዋናይትና አንድ ፎቶግራፍ ብቻ!

እ.ኤ.አ. በ2016 የወጣው ይኸው ፊልም ከአጭር መግቢያ በኋላ የሚከፈተው ሌጎስ ላይ ነው። ፈንጂ የታጠቀ ሰው በገበያ መካከል የስታርክ ጓድ በሆነው ካፒቴን አሜሪካ አጠገብ ሊፈነዳ ሲል፣ ባልደረባቸው ዋንዳ በተአምር ኃይሏ እሳቱን ጨብጣ ወደ ላይ ታነሳዋለች። ከገበያተኛው አራቀችው፤ ግን ከእጇ አመለጠና አጠገቡ ያለው ሕንፃ ላይ ፈነዳ። ከሟቾቹ መካከል ዋካንዳ ከምትባል ምናባዊ የአፍሪካ አገር የመጡ ሰዎች ነበሩ፤ ንጉሣቸው በዓለም መድረክ ላይ ተናገረላቸው። እኔ አፍሪካዊ ተመልካች ነኝና አንድ ነገር ሳይከነክነኝ አላለፈም። በምድር ላይ የሌለችው የዋካንዳ ሟቾች የሚሟገትላቸው ንጉሥ አገኙ፤ በእውን ያለችው የሌጎስ ሟቾች ግን ያገኙት ጥቂት የዜና ምስል ነው። ፊልሙ ስለ ስህተት እየተረከ እዚያው ይሳሳታል።

ከዚህ በኋላ 117 አገራት ጀግኖቹ በተባበሩት መንግሥታት ቁጥጥር ሥር እንዲሆኑ ይስማማሉ። ስታርክ ይፈርማል፣ ካፒቴኑ እምቢ ይላል። ብዙ ወዳጆቼ ከካፒቴኑ ጎን ናቸው፤ መንግሥታት ጀግናን ለራሳቸው ጥቅም እንደሚያውሉት የማያውቅ የለምና ምክንያታቸው ይገባኛል። እኔ ግን ከእናትየው ጎን ነኝ። ወረቀቱ ላይ የእሷ ዓይነት ሰው የሚቀመጥበት ወንበር አላየሁም። ካፒቴኑም ቢሆን ተጎጂዎቹን ሄዶ ሲጠይቅ አላሳዩንም።

ሱፐርማንስ? ፖል ዲኒና አሌክስ ሮስ እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ መጨረሻ ባወጡት መጽሐፍ ላይ ሱፐርማን የዓለምን ረሃብተኛ ለመመገብ ይነሳል። የአሜሪካን ምክር ቤት ያስፈቅዳል፣ የተትረፈረፈውን እህል ይሸከማል፣ ለአንድ ቀን ምድርን ይዞራል። በአንዳንድ ቦታ ሕዝቡ በደስታ ይቀበለዋል፤ በሌላው ይጋፋል፣ ይጣላል፤ አምባገነኖች እህሉን ለእኛ አስረክብ ይሉታል። በመጨረሻ በመርዝ የተሞላ ሚሳይል ይተኮስበትና የያዘው እህል ይበከላል። ሳይጨርሰው ይቀራል። ስለት የማይበሳው፣ ተራራ የሚያነሳው ሰው በእህል ተሸነፈ። ከዚያ በኋላ የሚያደርገውን ወድጄለታለሁ፤ የጋዜጠኛ ልብሱን ለብሶ፣ ገበሬው አባቱ እንዳስተማረው ዘር እንዴት እንደሚዘራ ለወጣቶች ይናገራል።

እዚህ ላይ ነገሩ ወደ ቤታችን ይገባል። ጥቅምት 1977 ዓ.ም. የቢቢሲው ማይክል በርክና የካሜራ ባለሙያው መሐመድ አሚን ከኮረም ያሳዩት ረሃብ ዓለምን ሲያስደነግጥ፣ ከተደናገጡት መካከል የኮሚክ አሳታሚዎችም ነበሩ። ማርቭል እ.ኤ.አ. በ1985 ኤክስ ሜን የተባሉ ጀግኖቹን ወደ አፍሪካ የሚያዘምት መጽሐፍ አወጣ፤ እነ ስቲቨን ኪንግና አለን ሙር ሳይቀሩ ገጽ ተካፍለው ጻፉለት። ዲሲ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1986 ሱፐርማንንና ባትማንን፣ ክፉውን ሌክስ ሉተርን ጨምሮ፣ ወደ ኢትዮጵያ ላከ። የሽያጩ ገንዘብ ለረሃብተኞች ነበር። የማርቭልን ገንዘብ ኦክስፋም አሜሪካ መጽሐፉን አይቶ አልቀበልም ስላለ ለሌላ የእርዳታ ድርጅት ተሰጠ።

ሐሳባቸው ቅን ነበር፤ ምስጋና አልነፍጋቸውም። ግን ጀግኖቹ ማንን ሲዋጉ እናገኛቸዋለን? በሁለቱም መጽሐፍ ከሰው ዘር ውጪ የሆነ ክፉ ፍጡር ይገጥማሉ። ጭራቅ ደግሞ ለሠዓሊ ይመቻል፤ በቡጢ ይመታል። በወሎና በትግራይ ሰው የፈጀው ግን ዝናብ ማጣት፣ ጦርነትና የመንግሥት ፖሊሲ ተደራርበው ነው፤ እነዚህን ሱፐርማን የት አግኝቶ ይመታቸዋል? ገበሬው ምን እንዳጠፋውና ምን እንደሚያስፈልገው ጠንቅቆ ያውቅ ነበር። የጠየቀው ጀግና ግን አልነበረም።

በእውኑ ዓለም ለእርዳታ የመጡትም ፈተናው አልቀረላቸውም። እርዳታው እጅግ ብዙ ነፍስ አትርፏል። በዚያው ጊዜ ደርግ ሕዝቡን ወደ ደቡብና ምዕራብ የሚያጓጉዝበት ሰፈራ ተጧጡፎ ነበር። የፈረንሳዩ ድንበር የለሽ ሐኪሞች ድርጅት፣ የእርዳታ እህል ሰዎችን በግድ ለማስፈር እያገለገለ ነው ብሎ በአደባባይ ተናገረና እ.ኤ.አ. በ1985 መጨረሻ ከአገር ተባረረ። እየረዱ ዝም ማለት ይሻላል ወይስ ተናግሮ መባረር? ሌሎች ድርጅቶች የመጀመሪያውን መረጡ። እኔ ዛሬ ተደላድዬ ተቀምጬ በማንኛቸውም ላይ አልፈርድም፤ ግን ከየትኛውም የማርቭል ፊልም የሚበልጥ ድራማ እዚህ ውስጥ እንዳለ አያለሁ።

አሁን የራሳችን ልዕለ ጀግኖች መጥተዋል። ኢታን ኮሚክስ እ.ኤ.አ. በ2018 «ጀምበር»ን በአማርኛም አሳትሞልናል፤ «ሐዊ»ም ተከትላለች። ሌሎችም እንደሚመጡ ተስፋ አደርጋለሁ። ለእነዚህ ደራሲዎችና ሠዓሊዎች አንድ ልመና አለኝ። ጀግናችሁ አንድ ቀን ይሳሳት፤ ሲሳሳትም ወደ ቀጣዩ ውጊያ አትዝለሉብን። ጉዳት የደረሰበት ሰው ስም ይኑረው፣ ሰፈር ይኑረው፣ ሁለት ሦስት ገጽ ሙሉ ይናገር። ጀግናውም ቁጭ ብሎ ይስማው።