የጠላው እህል እንዳይባክን ጌሾው በጓሮ ይተከል

በየገበሬ ማኅበሩ ደቦ ሲወጣ፣ ማኅበር ሲጠጣ፣ ሠርግና ተዝካር ሲደገስ ጠላ መጥመቅ የቆየ ልማድ ነው። ለአንድ ድግስ የሚወጣው ገብስ፣ ዳጉሳ፣ በቆሎ ወይም ማሽላ ቀላል አይደለም። ይህ ሁሉ እህል በጋን ውስጥ ሆምጥጦ ሲደፋ የሚጎድለው የቤተሰቡ የክረምት ቀለብ ነው። ስለዚህ ጉዳዩ የጓዳ ነው ተብሎ ሊታለፍ አይገባም።

ጠላ የሚፈላው እርሾ ከብቅሉና ከእህሉ የሚገኘውን ስኳር ወደ አልኮል ስለሚለውጥ ነው። ከእርሾው ጋር ግን ሌሎች ጥቃቅን ሕዋሳትም ይራባሉ፤ አንዳንዶቹም ጠላውን ያበላሹታል። ጌሾ ምሬትና ቃና ከመስጠቱም በላይ ከእነዚህ አበላሾች አንዳንዶቹን ይገታል። ለጠላ ቅጠሉ፣ ለጠጅ ደግሞ እንጨቱ ይመረጣል። ልኩ ከቤት ቤት ቢለያይም፣ ብዙ ጊዜ የሚጠቀሰው ለ1 እጅ ጌሾ 2 እጅ ብቅልና 6 እጅ እህል ነው።

ይሁን እንጂ ጌሾ ብቻውን ሁሉንም አያደርግም። ጋኑ በግራዋ በደንብ መታጠብና በወይራ መታጠን አለበት። አፉም ተመርጎ መከደን ይኖርበታል፤ ጠላን ወደ ኮምጣጤ የሚለውጡት ባክቴሪያዎች አየር ካላገኙ አይሠሩምና።

ጌሾ ሲወደድ ቅጠሉን ቀንሶ ስኳር መጨመር መፍትሔ አይሆንም። ስኳር እርሾውን መግቦ መጠጡን ያጠነክር ይሆናል እንጂ የጌሾን ሥራ አይሠራም። ምንነቱ ያልታወቀ ዱቄት መጨመርማ በጠጪው ጤና ላይ መፍረድ ነው።

«ጌሾ የእህል መሬት ይሻማል» የሚሉ አይጠፉም። ጌሾ ግን በአጥር ጥግና በጓሮ የሚበቅል ተክል ነው። አንዴ ከጸደቀ ቅጠሉ ለዓመታት እየተለቀመ ለቤት ይውላል፤ የተረፈውም ገበያ ወጥቶ ለጨውና ለደብተር መግዣ ይሆናል።

እንግዲህ የማኅበር መሪዎች ድርሻ ግልጽ ነው። ክረምቱ ሳይገባ የጌሾ ችግኝ በየቀበሌው እንዲፈላ ማድረግ፣ ስብሰባ ሲጠራም ስለ ማዳበሪያና ስለ ምርጥ ዘር ብቻ ሳይሆን ስለ ጌሾም መነጋገር ይገባል። በዚህ ስብሰባ ላይ አስተማሪዎቹ ልኩን በእጃቸው የሚያውቁት እናቶች ሊሆኑ ይገባል። ባለሙያዎቹ እነርሱ ሆነው ሳለ ከኋላ ተቀምጠው እንዲያዳምጡ ብቻ ማድረግ እውቀቱንም እህሉንም ማባከን ነው።