ሽበት ከዘፈን አያግድም



ቅዳሜ ማታ ማታ ከወፍጮ ቤቱ ጎን ካለው ግሮሰሪ የጊታርና የአኮርዲዮን ድምፅ እንደምትሰሙ የታወቀ ነው። ተጫዋቾቹ ከሌላ ቦታ የመጡ አይደሉም፤ አራቱም የዚሁ ሠፈር አባቶች ናቸው። አንዱ ጡረታ የወጡ መምህር፣ አንዱ ልብስ ሰፊ፣ ሁለቱ የቀድሞ ሾፌሮች። በወጣትነታቸው በደርግ ዘመን በቀበሌ ኪነት አብረው ይጫወቱ ነበር፤ ከዚያ ኑሮ በተናቸው። አሁን ልጆቻቸውን ለወግ ለማዕረግ አብቅተው እንደገና ተሰባሰቡ። ትዝታና አምባሰል ይጫወታሉ፤ የጥቁር አሜሪካውያንን ብሉዝም ይሞክራሉ።

ይህን በሚመለከት ለማኅበራችን ሁለት ዓይነት አቤቱታ ቀርቧል። አንዱ «በዚህ ዕድሜ ዘፈን ምንድን ነው? አርፈው አይቀመጡም ወይ?» የሚል ነው። ሁለተኛው ስለ ድምፁ ነው። ጨርሶ ይቁም ብለው ፊርማ የሚያሰባስቡም አሉ።

ስለ ዕድሜ ከተነሣ፣ ሚሲሲፒ ጆን ኸርት የሚባለው የብሉዝ ተጫዋች እ.ኤ.አ. በ1928 ሸክላ ካስቀረጸ በኋላ ወደ እርሻው ተመልሶ ተረስቶ ኖረ። በ1963 ሰባ ዓመት ገደማ ሲሆነው ከመንደሩ ፈልገው አገኙት፤ በዚያው ዓመት በኒውፖርት የሙዚቃ በዓል ላይ ተጫወተ። የእኛው አንጋፋ ኃይሉ መርጊያም ከዋልያስ ባንድ ጋር ሄደው አሜሪካ ከቀሩ በኋላ ዋሽንግተን ላይ ለብዙ ዓመት ታክሲ ነድተዋል። ተሳፋሪ እየጠበቁ መኪናው ውስጥ ኪቦርድ ይለማመዱ ነበር። በ2018 ሰባን ካለፉ በኋላ «ላላ በሉ» የተባለውን አልበም አወጡ። ታዲያ የእኛዎቹ ምን አጠፉ?

ደግሞም ከአራቱ አንደኛው ባለቤታቸው ካረፉ ወዲህ በር ዘግተው የተቀመጡ ሰው ነበሩ። ዕድሩ ድንኳን ተከለ፣ ጎረቤት አስተዛዘነ፤ ከዚያ በኋላ ግን ሁላችንም ወደየሥራችን ሄድን። እሳቸውን ከቤት ያወጣቸው የጓደኞቻቸው ጊታር ነው። ይቁም የሚል ሰው ይህንንም አብሮ ያስብ።

የድምፁ ነገር ግን እውነት ነው። አራስና በሽተኛ ያለበት ቤት አለ፤ ለፈተና የሚያጠኑ ልጆችም አሉ። ስለዚህ የሚከተለውን ሐሳብ እናቀርባለን፦

1ኛ. ጨዋታው ከምሽቱ 3 ሰዓት ላይ እንዲያበቃ፤
2ኛ. ድምፅ ማጉያው ፊቱ ወደ ውስጥ እንዲዞር፤
3ኛ. በሠፈሩ ሐዘን ሲኖር እንዳይጫወቱ፤
4ኛ. ለልምምድ የማኅበሩ አዳራሽ በሳምንት አንድ ቀን እንዲፈቀድላቸው፤ እነሱም በምላሹ መማር ለሚፈልጉ የሠፈሩ ልጆች ጊታርና አኮርዲዮን እንዲያስተምሩ።

አራቱም አባቶች ተጠይቀው ተስማምተዋል። በመጪው እሑድ ስብሰባ ለውሳኔ ስለሚቀርብ፣ የሚደግፍም የሚቃወምም ቀርቦ ሐሳቡን እንዲሰጥ እናሳስባለን። ከሰው ኋላ ማማት ግን ለሠፈርም ለጉርብትናም አይበጅም።

የማኅበሩ ጽሕፈት ቤት