የቮልሷ ወረቀት የት አለ?

ዛሬ ስለ ቮልስ ወረቀት ላንሳ። የዚህች ጀርመን ወለድ መኪና ምርት እ.ኤ.አ. በ2003 ሜክሲኮ ላይ አብቅቷል፤ ያሉትን መጠበቅ እንጂ አዲስ አይመጣም። የብዙዎቹም ሞተር ተቀይሯል፣ ጎማቸው ሰፍቷል። ፋብሪካው የሠራውን ጋራዥ ከጨመረው የሚለየው ሰነድ ነው፤ ካርዱ የጠፋበት በሽተኛ ቀድሞ ምን እንደታከመ እንደማይታወቅ ሁሉ።

የሻንሲ ቁጥሩን ከኋላ ወንበር ሥር ታገኙታላችሁ። በእሱ አማካይነት ቮልፍስቡርግ ያለው የቮልስዋገን ሙዚየም መኪናዋ የተሠራችበትን ቀን የያዘ የልደት ምስክር ወረቀት በክፍያ ይሰጣል። ስትሸጥ ሊብሬው ለገዢ ይሄዳልና ቀድማችሁ ኮፒ አድርጉ፤ የጋራዥ ደረሰኝም አትጣሉ።

ጋይንት፣ ስማዳና እስቴ ያለን ሰዎች ደግሞ ቮልስ ባይኖረን እንኳ ፎቶዋ ከሳጥናችን አይጠፋም፤ አዲስ አበባ የገባ ልጅ ተደግፏት ተነሥቶ ለእናቱ የላከው። ታርጋው የሚነበብበትም ይኖራል። ልጁ ማን እንደሆነ፣ መኪናዋም የማን እንደነበረች የሚያውቁት እማማ ናቸው። ለበዓል ስትሰበሰቡ ጠይቋቸውና ከፎቶው ጀርባ በእርሳስ፣ ሳትጫኑ ጻፉ። እማማ ካለፉ በኋላ የሚቀረው የማይታወቅ ሰው ከማይታወቅ መኪና ጋር ነው።